የቤተ ክርስቲያንን በር ማን ይዝጋ? ከ2012ቱ ወረርሽኝ የተረፈ ክርክር

ሰንበት ተማሪ (አዲስ አበባ)

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ በጢስ ይታፈናል። ልጆች ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ «ኅዳር ሲታጠን ነው» እንላቸዋለን፤ ወሬውም በዚያው ያበቃል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወረደው የኅዳር በሽታ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር የጣለ፣ ሬሳ ቀባሪ ያጣበት መቅሠፍት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ከዚያ ሁሉ የቀረልን ጢሱ ነው። የኮሮናም ነገር ወደዚያው እየሄደ ይመስለኛል። ስለዚህ ቀጣዩ ሳይመጣ አንድ ጥያቄ ላንሳ።

በ2012 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት እኔና ጓደኞቼ በአጥቢያችን በር ላይ ተመድበን ምእመናንን እንመልስ ነበር። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከአጥሩ ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ስግደት ጀመሩ። ፖሊሱ ቀረብ ብሎ «እማማ፣ እባክዎ ወደ ቤትዎ ይግቡ» አላቸው። ቀና ብለው «ልጄ፣ የላከህ ማን ነው? መንግሥት ነው ወይስ አባቶች?» አሉት። መልስ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም።

ጥያቄዬ የእርሳቸው ነው። በሩን የዘጋው ማን ነበር? መዝጋትስ የነበረበት ማን ነው?

ነገረ ፈጅ

የእማማ ጥያቄ በሕግ በኩል መልስ አለው፤ መልሱን ግን ብዙ ሰው ግማሽ ድረስ አንብቦ ይተወዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። «መንግሥት በቤተ ክርስቲያን በር ምን አገባው?» የሚለው ሁሉ እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋል። ወደ አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 5 ብትወርዱ ግን ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላምንና ጤናን ለመጠበቅ በሚወጣ ሕግ ሊገደብ እንደሚችል ተጽፏል። አንቀጽ 93 ደግሞ ወረርሽኝን ከውጭ ወረራና ከተፈጥሮ አደጋ እኩል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክንያት ያደርገዋል። በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩት አንቀጾች 1፣ 18፣ 25 እና የ39 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ንዑስ አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 27 በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እኔ በግሌ መኖር ነበረበት ባይ ነኝ፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የእምነት ነፃነትን በአስቸኳይ ጊዜም ከማይታገዱት ይቆጥረዋልና። እርሱም ቢሆን ታዲያ ልብ ውስጥ ያለውን እምነትና አደባባይ የሚወጣውን ሥርዓት ይለያል፤ ሁለተኛው ለጤና ሲባል በሕግ ሊገደብ ይችላል።

አሁን ቀኖቹን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶችና ትልልቅ ስብሰባዎች እንዲቆሙ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስታወቁ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30 ነው። እማማን የመለሳቸው ፖሊስ በሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ከጀርባው አዋጅ ነበረው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን «የትኛው ሕግ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ሕግና መግለጫ አንድ አይደሉም።

ብርሃን ይሁን

ይህ ሁሉ አንቀጽ ለምኑ ነው? ሐዋርያት ሸንጎ ፊት ሲቆሙ የጠቀሱት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል።» ዕብራውያን 10፥25 ደግሞ መሰብሰባችንን እንዳንተው ያዝዛል። የትም ቦታ «ከወረርሽኝ ጊዜ በቀር» የሚል የለም።

በካሊፎርኒያ የግሬስ ኮሚዩኒቲ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ጆን ማክአርተር በ2020 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር «የቤተ ክርስቲያን ራስ ክርስቶስ እንጂ ቄሣር አይደለም» ብለው በራቸውን ከፈቱ። ተከሰሱ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ክፍለ ሀገሩና የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ለጠበቃ ወጪ 800,000 ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በካናዳ አልበርታ የግሬስላይፍ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ጀምስ ኮትስ ከአንድ ወር በላይ ታስረዋል፤ ከዚያ መንግሥት ሕንፃውን በአጥር ከበበው። የእኛ መጋቢዎችስ? ፌስቡክ ላይ በቀጥታ ስርጭት «ቤታችሁ ሁኑ» አሉን። እምነት ይህ ነው?

የመካነ ኢየሱስ ልጅ (ነቀምቴ)

ወንድሜ ብርሃን፣ ታሪኩን ከመካከል ጀመርከው። ያ የካሊፎርኒያ ቤተ ክርስቲያን በመጋቢት 2020 ልክ እንደ ሌሎቹ ሕንፃውን ዘግቶ በኢንተርኔት ያስተላልፍ ነበር። በሩን የከፈተው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ የእነርሱ ክርክር «መቼም ቢሆን አይዘጋም» የሚል አልነበረም፤ «እስከ መቼ?» የሚል ነበር። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

እኔ ያደግሁት በሉተራን ትምህርት ነው፤ ከዚያ ልጥቀስ። በ1527 እ.ኤ.አ. ዊተንበርግ ላይ ወረርሽኝ ሲገባ ማርቲን ሉተር እንዲሸሽ ተነገረው፤ አልሸሸም። ቤቱን ለሕሙማን ከፈተ። በብሬስላው የነበሩ አገልጋዮች «ክርስቲያን ከወረርሽኝ ይሸሻል ወይ?» ብለው ሲጠይቁት የመለሰላቸው ግን አንተ የምትጠብቀውን አይደለም። መድኃኒት ውሰዱ፣ ቤታችሁን እጠኑ፣ ጎረቤታችሁ የማይፈልጋችሁ ቦታ አትሂዱ፤ ጎረቤታችሁ ከፈለጋችሁ ግን ሞት ይምጣ እንጂ ሂዱ፤ አሳቡ ይህ ነው። ሰውየው ለጳጳስም ለንጉሠ ነገሥትም ያልተንበረከከ ነው፤ በፍርሃት አይታማም።

መሰብሰብ ለእኔ ትእዛዝ ነው። «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» የሚለውም ትእዛዝ ነው።

ብርሃን ይሁን

ሉተር ቤቱን ከፈተ፤ የእኛዎቹ ዘጉ። የአንተው ምሳሌ ለእኔ ይመሰክራል።

የመካነ ኢየሱስ ልጅ (ነቀምቴ)

ለሕሙማን ነው የከፈተው፤ ለጉባኤ አይደለም። በዚህ ብንነጋገር ደስ ይለኛል፤ እኛ በ2012 ሁለቱንም ነው የዘጋነው።

ቀሲስ (ሰሜን ሸዋ)

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን እየተከታተልኩ ነው። ብርሃን፣ ቁጣህ አልጠላሁትም፤ ቀናኢነት አለበት። ግን ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26ን አንብብልኝ። ንጉሥ ዖዝያን በኃይሉ ታብዮ ሊያጥን ወደ ቤተ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ ከሰማንያ ካህናት ጋር ተከትሎት ገብቶ «ይህ የአንተ ሥራ አይደለም፤ ከመቅደሱ ውጣ» አለው። ንጉሡ ሲቆጣ ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት። ይህን ታሪክ ሁላችንም መንግሥትን ለመገሠጽ እንጠቅሰዋለን። መጨረሻውን ግን ማን ያነባል? ካህናቱ ለምጹን ባዩ ጊዜ ራሳቸው አጣድፈው አስወጡት፤ ንጉሡም እስኪሞት ድረስ በተለየ ቤት ተቀመጠ። ሕሙም መሆኑን ያዩት፣ የለዩትም ካህናቱ ናቸው። የለይቶ ማቆያ ሥርዓት ዘሌዋውያን ላይ የተጻፈው ለካህን ነው። ስለዚህ «በሽታ የመንግሥት፣ ጸሎት የእኛ» የሚለው አከፋፈል ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ሥርዓታችንን ሳያውቁ ሲጽፉ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። በአዋጁ ጊዜ የተነገረን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል መሆኑ ነው። ቅዳሴ ግን ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በቃሉ ብንሄድ አንድም ምእመን ሳይገባ ቅዳሴው ራሱ ወንጀል ሊሆን ነው! በተግባር ማንም ያን ያህል አልቆጠረብንም፤ ሲኖዶሱም ምእመናን በቤታቸው እንዲጸልዩ፣ አገልግሎቱ በተወሰኑ አገልጋዮች እንዲቀጥል ወስኖ ስለነበር ቅዳሴው አልታጎለም። ይሁን እንጂ ነገሩ በወረዳው ኃላፊ በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም። አስቀድሞ አንድ ካህን ቢጠየቅ ኖሮ ቁጥሩ አምስት ይባል ነበር።

ለጥያቄ አቅራቢው ልጄ መልሴ ይህ ነው። ሰው እንዳይታመም መከልከል የባለ ሥልጣን ድርሻ ነው። ሥርዓቱ በምን መልክ ይፈጸም፣ ማን ይግባ፣ ቊርባን እንዴት ይሰጥ የሚለው የአባቶች ነው። በሩን አባቶች ይዝጉት፤ መንግሥት ምክንያቱን ያስረዳ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

አባታችን ያሉት እዚህ አሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ነገር ነው። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. የሳውዝ ቤይ ጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ካሊፎርኒያን ከሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ አምስት ለአራት ተረታ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የብሩክሊን ካቶሊክ ሀገረ ስብከትና አንድ የአይሁድ ድርጅት የኒው ዮርኩን ገዥ ከሰሱ፤ አምስት ለአራት ረቱ። በመካከል ዳኛ ጊንስበርግ አርፈው ዳኛ ባሬት ተተክተው ነበር። የኒው ዮርኩ ደንብ በሽታው በበረታበት በቀዩ ቀጠና 10 ሰው፣ በብርቱካናማው 25 ሰው ብቻ ወደ አምልኮ ቤት እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። ሺህ ሰው የሚይዝ ካቴድራልም አሥር፣ ጠባብ ጸሎት ቤትም አሥር። «አስፈላጊ» የተባሉ የንግድ ቤቶች ግን፣ አኩፓንክቸር የሚባለውን የመርፌ ሕክምና የሚሰጡት ሳይቀሩ፣ ገደብ አልነበረባቸውም። ዳኞቹን ያስቆጣቸው ይህ አድልዎ ነው።

እኔን ግን ከሁሉ የማረከኝ የሌላ ቤተ ክርስቲያን አካሄድ ነው። እዚሁ ዋሽንግተን የካፒቶል ሂል ባፕቲስት ምእመናን ከተማዋ ከቤት ውጭም ቢሆን ከ100 ሰው በላይ መሰብሰብ ስትከለክል ሕጉን አልጣሱም። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሜዳ ላይ አመለኩ፣ በዚያው ላይ ለከተማዋ ፈቃድ ጠየቁ፣ ሲከለከሉ ከሰሱ፤ በጥቅምት 2020 ዳኛው ፈረደላቸው። ከንቲባዋ በሺህ የሚቆጠር ሰው የወጣበትን ሰልፍ እያበረታቱ ጸሎትን መከልከላቸው አልተዋጠለትም። ብርሃን፣ ይህን ጀግንነት ለምን አትጠቅሰውም? እስር ስለሌለበት ነው?

የእኛ አበሾች ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። ብዙው ጉባኤ ሕንፃ የሚከራየው ከአሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ነው። ክፍለ ሀገሩ ሲፈቅድ አከራዩ ይከለክላል፤ ማንን ትከሳለህ? እናቶቻችን ነጠላ ለብሰው፣ ጫማ አውልቀው ቴሌቪዥን ፊት ቆመው አስቀደሱ። ሲያዩት ያስቃል፤ ያስለቅሳልም።

ከዱባይ

እዚህ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉት ገዢዎቹ በፈቀዱት መሬት ላይ ነው። በመጋቢት 2020 መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በአንድ ትእዛዝ ተዘጋ፤ አድልዎ የለ፣ ክርክር የለ። ሰው ቤት የምንሠራ እኅቶች ግን ዓርብ የምንተነፍስባት ያቺ ግቢ ብቻ ነበረች። ለአንዳንዶቻችን ቤተ ክርስቲያን መዘጋት ማለት ከአሠሪ ቤት አለመውጣት ማለት ነው። እዚህ ላይ ስለ ሥልጣን ስትከራከሩ ይህንም አስቡልን።

ጃን ሜዳ ሰፈር

ስለ አድልዎ ከተነሣ የእኛንም ስሙ። በ2012 ሚያዝያ ላይ የአትክልት ተራ ገበያ ተጨናነቀ ተብሎ ጃን ሜዳ ገባ። መራራቅ ያስፈልጋል ተባለ፤ እሺ አልን። ታቦታት የሚያድሩበት ሜዳ ሽንኩርትና ጎመን ተከመረበት። ጥምቀት ሲቃረብ ግን ገበያው ይነሣ አይነሣ እያልን ስንጨነቅ ከረምን። ቤተ ክርስቲያን ጮኸች፣ ሕዝብ ጮኸ፣ በመጨረሻ ነጋዴዎቹ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወሩ። የሰፈሩ ወጣት አካፋና መጥረጊያ ይዞ ወጥቶ ቆሻሻውን ጠረገ። የ2013 ጥምቀት እዚያው ተከበረ።

የጤና ምክንያቱን ማንም አልተቃወመም። ያናደደን «ለጊዜው» የሚለው ነገር መጨረሻ ቀን አልነበረውም። ማንም ባለ ሥልጣን ወረቀት ላይ «እስከዚህ ቀን» ብሎ ቢፈርም ኖሮ ያ ሁሉ መጠራጠር አይመጣም ነበር።

አወያይ

ስለ ክትባትና ስለ 666 የተጻፉ መልእክቶችን ወደ ሌላ የውይይት ገጽ አዛውሬአለሁ። እባካችሁ ከርእሱ አትውጡ።

ነርሷ

ስታነቡኝ እንዳትቀየሙኝ። እናንተ ስለ በር ትከራከራላችሁ፤ እኔ በ2012 እና በ2013 ከበሩ ወዲያኛው በኩል ነበርኩ፤ ስሙን በማልጠቅሰው የሕክምና ማዕከል ውስጥ። አንድም ጊዜ «ቅዳሴ አመለጠኝ» ብሎ ያለቀሰ ታማሚ አላየሁም። «የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ» እያሉ ያረፉ ግን አሉ። ኃላፊዎቹን ስንጠይቅ «መመሪያው ጎብኚ አይፈቅድም» ይሉናል። ካህን ጎብኚ ነው? መመሪያው ውስጥ ስለ ካህን፣ ስለ ሼክ፣ ስለ መጋቢ አንድ መስመር አልነበረም። እኔ በራሴ ስልክ እየደወልኩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጆሮአቸው ላይ እይዝ ነበር። አባ ጸሎቱን ያደርሱታል፤ ታማሚው አሜን ለማለት ትንፋሽ አያገኝም።

የመከላከያ ልብስ ለጽዳት ሠራተኛ ተሰጥቷል፤ መሰጠትም ነበረበት። ለአንድ ካህን የሚሆን ግን የጠየቀም የሰጠም አልነበረም። መንግሥት አልከለከለም እኮ፤ ቤተ ክርስቲያንም አልጠየቀችም። ሁለቱም ረሱት።

የአብነት ልጅ

ነርሷ ካነሣችው አይቀር ሌላ የተረሳ ልጨምር። የአብነት ተማሪ የሚኖረው ለምኖ ነው። አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ያገኛትን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። በዚያ ወር ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። ፈርቶ ነው፤ አይፈረድበትም። ልጆቹ ግን ከቤተሰባቸው ርቀው የመጡ ናቸው፤ ቤታችሁ ሁኑ ቢባሉ ቤታቸው የቀናት መንገድ ነው። የገጠሩ ካህንም ደመወዝ የለውም፤ ሙዳየ ምጽዋት ባዶ ሲሆን እርሱም ባዶ ነው። የከተማው ደብር «በባንክ አስገቡ» አለ። በገጠር የትኛው ባንክ?

ቀሲስ (ሰሜን ሸዋ)

ልጄ ነርሷ፣ ያልሽው ልቤ ውስጥ ገብቷል። የእለ እስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ በሦስተኛው መቶ ዘመን ወረርሽኝ ከተማውን ሲያጠፋ ለትንሣኤ በላከው መልእክት ከቀሳውስት፣ ከዲያቆናትና ከምእመናን ሕሙማንን ሲያስታምሙ የሞቱትን ያወድሳል። እኛ የምንመካበት የአባቶች ሥራ ይህ ነው። በ2012 አደባባይ ወጥተን አጠንን፤ መልካም ነው። ወደ ሕሙማኑ ግን ማን ይግባ የሚለው በእኛ በኩል አልተነጋገርንበትም። ሁሉም ካህን ይግባ አልልም፤ ሽማግሌው፣ ስኳር ያለበት ይቅር። ከየወረዳው ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ወጣት ቀሳውስትና መነኮሳት ተመርጠው፣ የጤና ባለሙያ አሠልጥኗቸው፣ ስማቸው በሆስፒታሉ ቢመዘገብ ምን ይከለክለዋል?

ነርሷ

ምንም አይከለክለውም፣ አባ። ልብሱን መልበስና ማውለቅ ለማስተማር ረጅም ጊዜ አይፈጅም፤ አደጋው ያለው አወላለቁ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት፦ መስቀል ማሳለሙን ለታማሚው ይተውለታል? በአንድ መስቀል ከአልጋ ወደ አልጋ ከሄዱ እኔ ራሴ በሩ ላይ አቆምዎታለሁ።

ቀሲስ (ሰሜን ሸዋ)

ከሩቅ እባርካለሁ። በዚህስ አንጣላም።

ብርሃን ይሁን

ስለ ሕሙማኑ ከነርሷ ጋር ነኝ። አስቀድማችሁ ይህን ብታነሡ ኖሮ ባልተናደድኩ። በሌላው ግን አልተስማማሁም። ዛሬ «አባቶች ራሳቸው ይዝጉት» ትላላችሁ፤ ነገ አባቶች የሚዘጉት መንግሥት ስለ ደወለላቸው ከሆነስ? ጃን ሜዳ ላይ ሕዝቡ ባይጮህ ኖሮ አሁንም ሽንኩርት ነበረ።

ነገረ ፈጅ

ለዚህ ነው በጽሑፍ መስማማት የሚያስፈልገው። ስልክ አይመዘገብም፤ ደብዳቤ ይመዘገባል። ሕገ መንግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ሳለ ከታወጀ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብለት ያዝዛል፤ ከስድስት ወር በላይም ያለ አዲስ ድምፅ አይዘልቅም። ለአገር እንኳ የጊዜ ገደብ ከተበጀ፣ ለአንድ አጥቢያ በር ለምን አይበጅም? ገደቡ መቼ እንደሚያበቃ፣ ለአምልኮ የሚፈቀደው ለገበያና ለአውቶቡስ ከተፈቀደው ያነሰ እንዳይሆን፣ የቅዳሴ ልዑካን ከቁጥሩ ውጭ እንዲሆኑ፣ ንስሐ አባት ከጎብኚ እንዳይቆጠር። ይህን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር አሁን፣ ማንም ሳይፈራ፣ መነጋገር ይቻላል።

ሰንበት ተማሪ (አዲስ አበባ)

በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ። ነገረ ፈጅ፣ ረቂቅ ደብዳቤውን ብትጽፍልኝ? የአብነት ተማሪዎቹ ቀለብም እንዲገባበት እፈልጋለሁ። ነርሷ፣ የሥልጠናውን ክፍል ላንቺ ልተወው?

ነርሷ

ላኩልኝ። ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ በነጋታው አነበዋለሁ።

ብርሃን ይሁን

ለእኔም ላኩልኝ። ለመጋቢያችን አሳየዋለሁ፤ ካልፈረመ ስሙን እዚህ እጽፋለሁ።

አወያይ

ስም መጻፍ አይፈቀድም።